ዋርሳዬ በስልክ በተረጎመው ዜና ላማችን ተሸጠች

በዚህ ገጽ አዘውትረን የምናስተናግደው የፍቅር፣ የትዳርና የኑሮ ጥያቄ ነው። የዛሬው ደብዳቤም ሲጀመር ተራ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲዘልቁት ግን የጭቅጭቁ መንስዔ ሌላ ሴት አይደለም፣ መጠጥም አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ዜና ነው። የጸሐፊዋ ስም እንደ ልማዳችን በእኛ ዘንድ ይቆያል። ደብዳቤው ረጅም በመሆኑ ዋና ዋናውን ብቻ አቅርበነዋል።

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ የዚህ ገጽ አዘጋጆች። እኔ በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ነዋሪና የ4 ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ልባሽ ልብስ ይነግዳል። እኔ ደግሞ አንዲት ላም ነበረችኝ፤ ወተቷን እየሸጥኩ የቤቱን ቀዳዳ እደፍን ነበር። ‘ነበር’ ያልኩት ወድጄ አይደለም።

ታናሽ ዋርሳዬ ሳዑዲ ነው ያለው። አላህ ይስጠውና የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው እሱ ነው። ለቤታችን የማይቆረቆርበት ቀን የለም። እዚያ ሆኖ በሞባይሉ የእንግሊዝኛ ዜና ይከታተላል፤ ስለ አማራ ክልል፣ ስለ ወልድያ የተነገረ ነገር ካለ በሌሊትም ቢሆን ይደውላል። ባለቤቴ ደግሞ ወንድሙ ያለውን ነገር እንደ አዋጅ ነው የሚያየው።

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ደወለና ‘ሲዝፋየር ታውጇል። ሲዝ ማቆም ነው፣ ፋየር እሳት ነው፤ እሳቱ ጠፍቷል፣ ጦርነቱ አልቋል’ አለው። ባለቤቴ በደስታ ሁለት ቦንዳ ልባሽ በዱቤ አመጣ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እደጃችን መጣ። ልጆቻችንን ይዘን በእግራችን ስንወጣ ቦንዳው ሳይፈታ ቀረ፤ ስንመለስ ገመዱም አልነበረም። ዕዳውን ከፍለን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብን።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ደግሞ ‘ስቴት ኦፍ ኢመርጀንሲ ሆኗል’ ብሎ ደወለ። ‘ስቴት መንግሥት ነው፣ ኢመርጀንሲ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እንግዲህ መንግሥት ድንገተኛ ክፍል ገብቷል፣ ሊሞት ነው፤ ያላችሁን ሸጣችሁ ብሩን ያዙ’ አለው። ባለቤቴ በማግስቱ ላሚቱን ነድቶ በግማሽ ዋጋ ሸጣት። የገዛት ሰው አሁንም ሲያልባት በጎን አያታለሁ።

11ኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ። ‘አጎቴ ቃሉን በትክክል አልተረጎመውም’ ይላል። አባቱ ‘አንተ ከአጎትህ ልትበልጥ ነው? የምትበላውን የሚልከው ማን ሆነና!’ ብሎ ይቆጣዋል። አንድ ቀን ‘ሚሊሺያ መንገዱ ላይ አለ’ የሚል ዜና ሲነገረው ባለቤቴ የቀበሌ ሚሊሻ መስሎት ወደ ወልድያ ሊሳፈር ሲል ልጄ ነው በር ላይ ቆሞ ያስቀረው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባትና ልጅ አይነጋገሩም።

እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ዋርሳዬን እንዳልናገረው ውለታው አለብን፤ ዝም እንዳልል ቤቴ እየፈረሰ ነው። ልጄ የጻፈልኝን የቃላት ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ማንን ልመን? ምንስ ላድርግ?»

መልሳችን

እህታችን፣ አብሽሪ! በመጀመሪያ አንድ ነገር እንገላግልሽ። ዋርሳሽ ውሸታም አይደለም። ነገር አመላላሽም አይደለም። የሚወዳችሁ ሰው ነው። ስህተቱ ያለው አተረጓጎሙ ላይ ነው፤ የፖለቲካን ቃል እንደ ሸንኮራ እየቆራረጠ፣ እያንዳንዱን አንጓ ለየብቻ ይተረጉማል። የፖለቲካ ቃል ደግሞ እንደዚያ አይፈታም። ሙሉው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳለው፣ ማንን እንደሚያስር፣ የት እንደሚሠራና እስከ መቼ እንደሚቆይ ካልተጠየቀ፣ መዝገበ ቃላት ያወቀ ሰው ራሱ ይሳሳታል።

ይኼ ነገር ለአገራችሁ አዲስ አይደለም። ከመርሳ ወደ ደሴ ስትጓዢ ውርጌሳን ካለፍሽ በኋላ ውጫሌ ትደርሻለሽ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው። የውሉ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ቢፈልጉ ማለት ነው። የኢጣሊያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ትርጉም ነበረው። ኢጣሊያ በዚህች አንዲት ቃል ተንተርሳ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩ በመጨረሻ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። እንግዲህ አገርን ያህል ነገር ጦርነት ውስጥ የከተተ የትርጉም ልዩነት አንድ ቤት ውስጥ ላም ቢያሸጥ ምን ይደንቃል?

አሁን ወደ ልጅሽ ዝርዝር እንግባ።

እሳቱ መቼ ነው የሚጠፋው?

«ሲዝፋየር» ማለት ተኩስ አቁም ነው። «ፋየር» እዚህ ላይ የምድጃ እሳት አይደለም፣ ተኩስ ነው። ተኩስ ቆመ ማለት ደግሞ ጦርነት አለቀ ማለት አይደለም። ወታደሩ ከነመሣሪያው፣ ምሽጉም ከነቦታው አለ፤ ጣት ከምላጭ ላይ ተነሣ ማለት ብቻ ነው።

ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ያወጀው ተኩስ አቁም በእንግሊዝኛው ዜና ከፊቱ «ዩኒላተራል» የሚል ቃል ነበረው። በአማርኛውም «የተናጠል» ተብሏል። የአንድ ወገን ብቻ ማለት ነው። ሌላው ወገን አልፈረመም፣ አልተቀበለውምም። ዋርሳሽ ሲደውል ያስቀራት ቃል ይህቺ ናት። የዱቤውን ቦንዳ ያስመጣችውም የእሷ አለመኖር ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ ወር፣ ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ መንግሥት መልሶ መቆጣጠሩን ያስታወቀው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው።

«ትሩስ» የሚባልም አለ። እሱም ተኩስ ማቆም ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ወይም ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ፋታ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው «ሂዩማኒቴሪያን ትሩስ» የእርዳታ እህልና መድኃኒት እንዲገባ የታሰበ ፋታ ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ሲቀሰቀስ እናንተም ሳታዩት አልቀራችሁም።

«ሴሴሽን ኦፍ ሆስቲሊቲስ» የሚባልም አለ። ግጭትን ማቆም ማለት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት የፈረሙት ስምምነት «ዘላቂ» የሚል ቃል የታከለበት የዚህ ዓይነት ነው፤ ተኩስን ብቻ ሳይሆን የጥላቻ ፕሮፓጋንዳንም ይከለክላል። ሁለቱ ወገኖች ፈርመውበታል፤ ያልፈረመን ግን አያስርም። ለዚህ ነው ከፕሪቶሪያ 9 ወር በኋላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት፣ ሌላ አዋጅ የመጣው። ስለዚህ «ስምምነት ተፈረመ» የሚል ዜና ስትሰሙ የመጀመሪያው ጥያቄ «እነማን ፈረሙ?» ይሁን።

«ስቴት» ስንት ናት?

ዋርሳሽን ያሳሳተችው ሁለተኛዋ ቃል ብዙ ሰው ታሳስታለች። «ስቴት» አንዲት ቃል ብትመስልም ብዙ ሥራ ትሠራለች። «ሬጅናል ስቴት» ሲሉ ክልል ማለታቸው ነው። «ስቴት ሚዲያ» ሲሉ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነው። «ስቴት ዲፓርትመንት» የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። «ስቴት ኦፍ ኢመርጀንሲ» ላይ ስትመጣ ግን መንግሥትም አይደለች፣ ክልልም አይደለች፤ «ሁኔታ» ማለት ብቻ ናት። ሙሉው ቃል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ዋርሳሽ መንግሥት ሊሞት ነው ያለው፣ መንግሥት ሥልጣኑን ለጊዜው ያሰፋበትን አዋጅ ነው። ፍቺው ተገልብጧል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምን እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ተጽፏል፤ ማወቁ ለእያንዳንዱ ቤት ይጠቅማል። አዋጁን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልጸደቀ ይሻራል። ከጸደቀ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። አንዳንድ መብቶች ይታገዳሉ፤ ሆኖም በአንቀጽ 18 የተከለከለው ኢሰብአዊ አያያዝ በአዋጅም አይፈቀድም፣ በአንቀጽ 25 ያለው በሕግ ፊት እኩል መሆንም አይነካም። የታሰሩ ሰዎችን ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የሚያደርግ መርማሪ ቦርድም እንዲቋቋም ያዛል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጉዳይ የታወጀው አዋጅ ነሐሴ 8 ቀን በምክር ቤቱ ጸደቀ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ለ4 ወር ተራዘመ፣ ከዚያ ዘመኑ አበቃ። እዚህ ላይ አስተውሉ፦ አዋጁ ማብቃቱ ግጭቱ ማብቃቱ አልነበረም። የቀደመውም አገር አቀፍ አዋጅ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጥቶ፣ 6 ወሩ ሳይሞላ የካቲት 8 ቀን ሲነሣ ጦርነቱ ገና አልተቋጨም ነበር። የወረቀትና የጥይት ዕድሜ ሁልጊዜ እኩል አይሄድም።

«ከርፊው» ደግሞ የሰዓት እላፊ ነው። ከአዋጁ ጋር ሊመጣ ይችላል፣ ግን አዋጁ ራሱ አይደለም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከሪያድ ሳይሆን ከከተማው አስተዳደር ነው የሚጠየቀው።

የቀበሌው ሚሊሻና የእንግሊዝኛው «ሚሊሺያ»

ልጅሽ በር ላይ የቆመው በደንብ ገብቶት ነው። በእኛ አገር ሚሊሻ ሲባል ትዝ የሚለን በቀበሌ ተደራጅቶ፣ መንግሥት መሣሪያ አስታጥቆት ሰላም የሚያስከብረው የሰፈራችን ገበሬ ነው። በእንግሊዝኛው ዜና ግን «ሚሊሺያ» ከመደበኛው ጦር ውጭ ያለ የታጠቀ ቡድን ሁሉ ነው። የውጭ ዜና ማሰራጫዎች ፋኖንም ብዙ ጊዜ በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። ስለዚህ አንዲት ቃል መንግሥትን የሚደግፈውንም የሚወጋውንም ታጣቂ ልትጠራ ትችላለች። በጆሮ ስለተመሳሰለች ብቻ የምናውቃት ቃል ናት ማለት አደጋ አለው። «ካምፕ»ም እንደዚያው ናት፤ ለእኛ የጦር ሰፈር ትመስለናለች፣ በዜናው ግን የተፈናቃይ መጠለያም «ካምፕ» ነው።

«ሪበል» አማፂ ነው፤ «ኢንሰርጀንት»ም ለዚያው የቀረበ ነው። «ቴሮሪስት» ግን ከስድብ ያለፈ የሕግ ስም ሊሆን ይችላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕወሓትንና ሸኔን በአሸባሪነት ሰየመ፤ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የሕወሓትን ስም ከዝርዝሩ አወጣ። በማግስቱ የዚሁ ድርጅት ሰው የ«ኢንተሪም» አስተዳደር፣ ማለት የጊዜያዊ አስተዳደር፣ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሰዎቹ ያው፣ ስማቸው ግን በአዋጅ ተለወጠ። ለዚህ ነው የቆየ ዜና ከአዲስ ዜና ጋር ሳይለይ ሲነበብ ሰው የሚደናገረው። ዋርሳሽ የሚያነበው ዜና የትኛው ቀን እንደወጣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ተፈናቃይ፣ ስደተኛና የረሃብ ስም

«ሪፊዩጂ» ድንበር ተሻግሮ ሌላ አገር የተጠለለ ስደተኛ ነው። «ዲስፕሌስድ» ግን ከቤቱ ተነቅሎ በገዛ አገሩ ውስጥ ያለ ተፈናቃይ ነው። በወረዳችሁ በጃራ መጠለያ የኖሩትን ወገኖች «ሪፊዩጂ» ያለ ሰው ተሳስቷል። ልዩነቱ የቋንቋ ጨዋታ አይደለም። ለስደተኛ የ1951ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለው፤ (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ለተፈናቃይ ደግሞ አገራችን በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት አለው፤ በዚህም ቀዳሚው ኃላፊነት የገዛ መንግሥቱ ነው። በ2013ቱ ነሐሴ በእግራችሁ ስትወጡ እናንተም የነበራችሁት በዚህኛው ስም ነው።

«ፋሚን» የሚለውን ቃል ወሎ በደንብ ያውቀዋል። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ባያሳይ ኖሮ ባለሥልጣናቱ ቃሉን ለመጥራት አልፈለጉም ነበር። ዛሬ ደግሞ ቃሉ መስፈርት ወጥቶለታል። ረሃብ 5 ደረጃ ባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የመጨረሻው ነው። በአንድ አካባቢ ከ100 ቤተሰብ ቢያንስ 20ው ፈጽሞ የሚበላው ሲያጣ፣ ከ100 ሕፃናት ከ30 በላይ በጽኑ ሲከሱ፣ ከ10,000 ሰው በየቀኑ 2 ሲሞት ነው «ፋሚን» የሚባለው። ከዚያ በታች ያለውን «ፉድ ኢንሴክዩሪቲ» ይሉታል፤ የምግብ ዋስትና ማጣት ነው። «ፋሚን አይደለም» የሚል ዜና ሰው ጠግቧል ማለት አይደለም። ከደረጃው ጫፍ አልደረሰም ማለት ነው።

ዘጋቢው ሲጠነቀቅ

ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም ትንንሽ የሚመስሉት ቃላት ናቸው ዋነኞቹ። «ክሌም» ማለት ሰውዬው እንደዚያ ይላል እንጂ እኔ አላረጋገጥኩም ማለት ነው። አንድ ወገን ከተማዋን ያዝኩ «ክሌምድ» ከተባለ፣ ከተማዋ ተይዛለች አልተባለም። «አሌጅድሊ» ክስ አለ፣ ገና አልተጣራም ማለት ነው። «ሪፖርትድሊ» እንደተወራው ማለት ነው። «ኢንዲፔንደንትሊ ቬሪፋይ ማድረግ አልቻልንም» ካሉ ደግሞ ዘጋቢው በገለልተኛ መንገድ አላጣራሁም ብሎ አፉን ሞልቶ መናገሩ ነው። በ2013ና 2014 ዓ.ም. በእናንተ አካባቢ ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ብዙው ዜና ይህን ቃል ያዘለ ነበር። ዋርሳሽ እነዚህን ቃላት እንደ ገለባ ይጥላቸዋል፤ ፍሬው ግን እነሱ ላይ ነው።

«ወልድያ አቅራቢያ» የሚለውም ያሳስታል። ናይሮቢ ለተቀመጠ ዘጋቢ ቆቦም፣ ሲሪንቃም፣ መርሳም፣ ውርጌሳም ሁሉም «ወልድያ አቅራቢያ» ናቸው። ለእናንተ ግን አንዱ መሸሻ፣ አንዱ መሸሺያ ምክንያት ነው።

«ኮንሰርን» ላይ ደግሞ ልጅሽ «አጎቴ አሜሪካ ጦር ልትልክ ነው አለ» ብሎ ጽፏል። ኧረ አይደለም! «ኮንሰርን» አሳስቦኛል ነው፤ የዲፕሎማሲ መሰላል የመጀመሪያው እርከን። «ዲፕ ኮንሰርን» በጣም አሳስቦኛል። «ኮንደም» አወግዛለሁ። እነዚህ ሁሉ ቃል ናቸው። ድርጊት የሚጀምረው «ሳንክሽን»፣ ማለት ማዕቀብ፣ ወይም ጥቅም መንፈግ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከምታስገባበት አጎአ ከሚባለው ዕድል ስትታገድ ያ ድርጊት ነበር።

እቤትሽ ምን ታደርጊያለሽ?

አንደኛ፣ ዋርሳሽን አታስቀይሚው። «አትደውልልን» አትበዪው። የሚሻለው ሥራ መጨመር ነው፦ «ወንድሜ፣ ዜናውን ስትሰማ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ላክልን፣ የወጣበትን ቀንና የተናገረውንም ሰው ጨምርበት» በዪው። ማንበብ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጠው ይከበራል እንጂ አይከፋውም። ዜናው በአማርኛ ካለም፣ ለምሳሌ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ከሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅ ወይም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የቢቢሲ አማርኛ፣ ሁለቱን እያመሳከረ ይላክላችሁ።

ሁለተኛ፣ ልጅሽን ከአጎቱ ጋር አታወዳድሩት። ለልጁ በጎን «አንተ ትክክል ነህ፣ ግን አባትህን በሰው ፊት አታርመው» በዪው። ለአባቱ ደግሞ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ላይ ሲደረስ፣ ልብ ሲረጋ፣ በር ላይ ያስቀረው ልጅ አባቱን ፈርቶለት እንጂ ንቆት እንዳልሆነ ንገሪው። ይህንን ካንቺ አፍ ሲሰማው ይበርዳል። እምቢ ካለ በሰፈሩ የሚያከብረውን አንድ ትልቅ ሰው ጣልቃ አስገቢ።

ሦስተኛ፣ አንድ ደብተር ግዙና ሦስቱ በጋራ ይያዙት። ዜና ሲመጣ አራት ጥያቄ ይጻፍበት፦ ማን አለ? ማንን ያስራል? የት? እስከ መቼ? አራቱ ካልተመለሱ ዜናው ገና ወሬ ነው።

አራተኛ፣ የንብረት ሕግ አውጡ። በዜና ቀን ከብት አይሸጥም፣ ዱቤ አይገባም። ሦስት ቀን ይታደር፤ በዚያ ውስጥ ወልድያ ያለ ዘመድ፣ ደሴ ያለ ነጋዴ፣ ከመናኸሪያ ሹፌሮች ይጠየቁ። መንገዱን ዛሬ ጠዋት ያየው ሹፌር፣ ትናንት ማታ ናይሮቢ ላይ ከተጻፈ ዜና የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ይህ ሕግ ለንብረት ነው እንጂ ለነፍስ አይደለም። ተኩሱ በጆሮሽ ከተሰማ፣ ጎረቤት ልጁን አዝሎ ሲወጣ ካየሽ፣ «ክሌምድ ነው ወይስ ኮንፈርምድ» እያሉ መጠየቅ የለም። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። የተያዘ መታወቂያ፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃና ትንሽ ጥሬ ብር ምንጊዜም በአንድ ቦርሳ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

«ማንን ልመን?» ብለሽናል። ዋርሳሽን በፍቅሩ እመኚው፤ ልጅሽን በቃሉ ፍቺ፤ መንገዱን ደግሞ ዛሬ ባየው ሰው። ሦስቱ ሲስማሙ ባለቤትሽ ይወስን፤ ግን ካንቺ ጋር ተማክሮ። ላሚቱ ያንቺም ነበረች፤ ባንቺ ወተት ነበር የቤቱ ቀዳዳ የሚደፈነው። ያላንቺ ፈቃድ መሸጧ ከየትኛውም የእንግሊዝኛ ቃል በፊት መነጋገር ያለባችሁ ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ የጋራ ንብረት ሁለታችሁ ሳትስማሙ ከቤት እንዳይወጣ በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩበት።

ሌሎቻችሁም አንባቢያን በዜና ሰምታችሁ ግር ያላችሁን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉልን። እህታችን፣ አባትና ልጅ መነጋገር የጀመሩ ዕለት አንድ መስመር ጣል አድርጊልን።